የቁም ጸሐፊዋ ንጹህ ደብተር

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ለጎልማሶች በተከፈተ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱንም ሳልጨርሰው ሥራ ፍለጋ ከአገሬ ወጣሁ። ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ ያነበበው ሰው ይስቅብኛል እያልኩ ሳልልከው ይሰነብትና ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ያልቃል። ስለተማረ ሰው መጻፍማ ጭራሽ ድፍረት ነው። ግን ነገሩን ከእሷ ቀጥሎ ከቅርብ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሷንም አስፈቅጃታለሁ። ታሪኩ ውስጥ አንዲት የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ትመጣለች። እኔው ነኝ። "እኔ፣ እኔ" እያሉ መጻፍ ስለሚያሳፍረኝ "ጽዳቷ" እያልኩ አልፈዋለሁ። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

"ቁም ጸሐፊዋ" የሚለውን ስም ያወጡላት እዚያው አገሯ፣ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ላብራቶሪ አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከየሰፈሩ ቧንቧና ታንከር በጠርሙስ የሚመጣውን ውሃ መርምራ፣ ክሎሪኑ ስንት እንደሆነ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ጽሕፈቷ ሲያዩት ያጠግባል። ቁጥሮቿ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ተማሪዎች ትከሻቸውን አስተካክለው ይቆማሉ። ጓደኞቿ "የአንቺ ውሃ ባይጠጣ እንኳ ይነበባል" እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

የላብራቶሪው አለቃ ስርዝ ድልዝ አይወዱም። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ቁጥር ተሳስቶ ሰርዞ ሲያስተካክል አዩት። ገጹን ከመዝገቡ ገንጥለው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከፍ አድርገው ያዙና "ይኼ መዝገብ ነው ወይስ ዶሮ የጫረው አፈር?" አሉ። ልጁ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሳምንቱን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ መዝገቡ ይገለብጣል፤ ቁራጩ ይጣላል። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ንጹህ መዝገብ ማለት ንጹህ ሥራ ማለት ነው። የእጇን ማማር ያዩት ሌሎቹም "እባክሽ የኔንም ገልብጪልኝ" እያሉ ወረቀታቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ይደረድሩላት ጀመር። እሷም እሺ ትላለች። እሺ ማለት ስለማይከብዳት።

የውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ሲመጣላት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰባት ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱን ትቶ መሄዱ ከበዳት። ባሏ ግን "ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ታልቃለች" አላት። መሥሪያ ቤቱም ዲግሪዋን ይዛ ከተመለሰች የሚከፈተው የምርመራ ክፍል ኃላፊ እንደምትሆን ቃል ገባላት። በሽኝቱ ዕለት አለቃዋ ተነሥተው ከእሷ በፊት ከዚያ ቤት ወጥቶ የተማረ እንደሌለ ተናገሩና፣ "አደራ፣ አታሳፍሪን" ብለው ጨረሱ። ሰው ያጨበጨበው ለሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ይዛ የሄደችው ያቺን "አደራ" ነው።

ጽዳቷ ያወቀቻት በድምፅዋ ነው። አንድ ጠዋት እዚያ የሰው አገር የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃ ደረጃ ስትወለውል፣ አንዲት ቀጭን ሴት በሁለት እጇ ጠርሙስ የሞላበት ሳጥን ታቅፋ ከጣሪያ ስትወርድ "አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት" እያለች በአማርኛ ደረጃውን ትቆጥራለች። ጽዳቷ መወልወያዋን ጣለችው። "አሥራ አራተኛው እርጥብ ነው ልጄ፣ ቀስ በይ" አለቻት። ልጅቱ ከድንጋጤዋ የተነሣ ሳጥኑን ልትለቀው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። አንዷ ጠርሙስ ይዛ፣ አንዷ ባልዲ ይዛ፣ ለአምስት ደቂቃ የአገራቸውን ቋንቋ ይጠግባሉ።

ጥናቷ ቀላል ይመስላል። ጣሪያ ላይ አሥር ትንንሽ ታንከሮች አሉ፤ አምስቱ ጥላ ሥር፣ አምስቱ ፀሐይ ላይ። ሰኞ ይሞላሉ። ከዚያ በየጠዋቱ ከያንዳንዱ በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ዱቄት ትጨምርበታለች፣ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ መሣሪያው ውስጥ ስታስገባው ቁጥር ይወጣል። በየቀኑ ክሎሪኑ ስንት እየቀነሰ እንደሄደ የምታየው በዚህ ነው። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሠራች።

የከበዳት ትምህርቱ አልነበረም። የከበዳት ሰው ነው። የሚያወሩት ቋንቋ ይፈጥንባታል። አማካሪዋ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ሲናገሩ እንደ ዝናብ ነው። "ገባሽ?" ይሏታል። "አዎ" ትላለች። ግማሹ አልገባትም። ክፍሏ ሄዳ የገባትን ከግማሹ ጋር ገጣጥማ ትረዳዋለች። አልገባኝም ማለት እሷ ባደገችበት አስተማሪን ድገም ብሎ ማዘዝ ነው፤ አፏ እንዴት ይታዘዛት። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ላብራቶሪው ደንብ የተነገራቸውም ጊዜ እንዲሁ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና፣ የአሥራ ስድስት ገጽ ወረቀት መጨረሻ ላይ ፈረመች። ገጹ ቁጥር ያለው፣ የተጠረዘ ወፍራም ደብተር ሰጧት። እንዲህ ያለ የሚያምር ደብተር በዕድሜዋ አልያዘችም።

እንዲያ ባለ ደብተር ላይ ማን ይሞነጭራል? በቁራጭ ወረቀት ጻፈች። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ ቀስ ብላ ገለበጠች። ቁራጩን ከወረቀት መጣያው ጨመረችው። መጣያውን ሰኞ ሰኞ የምታፈሰው ደግሞ ጽዳቷ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ "ይኼ ሁሉ ቁጥር ምንድነው፣ አይጠቅምሽም ወይ?" ብላ አልጠየቀቻትም። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ስድስት ወሩ አልቆ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ካስገባች በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ዕለት ረቂቁን የሚያዩት ፈታኝ ደብተሯን አስመጡ። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ገለጥ አደረጉ። ሌላ ገለጥ አደረጉ። እንደ አለቃዋ ሊያመሰግኗት ነው ብላ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ጠበቀች። ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ስሕተት አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ። እሷም የጥያቄው መጨረሻ ስላመለጣት "አዎ" አለች። ቀለሙስ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ነበር ወይ አሉ። "አዎ" አለች። ደብተሩን ዘግተው ከጎናቸው አስቀመጡት። አልመለሱላትም።

ማታውን ደብዳቤው መጣ። ቃል በቃል እየፈለገች ሦስት ጊዜ አነበበችው። ውጤቱ በሥራ የተገኘ ሳይሆን የተፈጠረ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ አለ። ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሦስት ሰዎች ፊት ቀርባ እንድታስረዳ፣ ማንኛውንም የመጀመሪያ ጽሑፍ ይዛ እንድትመጣ። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ ትምህርቱ ይቋረጣል። ያቺን የመጨረሻ መስመር ስታነብ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ያስደነገጣት መባረሩ ብቻ አይደለም። ሌባ ተብሎ መባረር ነው። በመጣችበት መንገድ እንዴት ትመለሳለች? ለልጇ ምን ብላ ትነግራታለች?

በማግስቱ ጠዋት ጽዳቷ ደረጃው ላይ ስታገኛት ፊቷ አመድ መስሏል። ነገረቻት። ጽዳቷ መጀመሪያ አልገባትም።

"ንጹህ መሆኑ ነው ጥፋቱ?" አለች።

"ንጹህ መሆኑ ነው፣ እትዬ።"

"ጉድ እኮ ነው። እኔን ንጹህ አላደረግሽም ብለው ነው የሚቆጡኝ።"

ሁለቱም ለመሣቅ ሞክረው አልሆነላቸውም። ጽዳቷ ቁራጭ ወረቀቱን ራሷ እንዳፈሰሰችው ሲታወሳት ባልዲዋን አስቀመጠች። ልጅቱን እጇን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የወረቀት ከረጢቶች የሚከማቹት እዚያ ነው። የበሩ ቁልፍ አላት፣ ግን ተማሪ ማስገባት አልተፈቀደላትም፤ ጠባቂው ቢያይ ሥራዋንም ልታጣ ትችላለች። ስድስት ከረጢት ዘረገፉ። የሰው ፈተና፣ የሰው ደረሰኝ፣ የአንዱ ፕሮፌሰር የፍቅር ይሁን የጠብ ያልለየለት ደብዳቤ፣ ሳጥን፣ ፖስታ። ቁም ጸሐፊዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ወረቀት በወረቀት ታያለች፤ ከላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የእሷ የሆነ አንዲት ብጣሽ አልተገኘችም። ለካ የጭነት መኪናው ማክሰኞ ማክሰኞ ጠራርጎ ይወስዳል፤ ልኬቱን ከጨረሰች ወዲህ ደግሞ አዲስ የጻፈችው አልነበረም። ከረጢቶቹን መልሰው ሞሉ። ጽዳቷ ቀና ማለት አቅቷት ወገቧን ይዛ፣ "እግዜር ያውቃል" ብቻ አለች።

ቅዳሜ ባሏ ደወለ። ድምፅሽ ምን ሆነ ብሎ ጠየቃት፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው አለችው። ልጇ ስልኩን ነጥቃ፣ ክፍሏ ውስጥ ለሁሉም እናቴ ዶክተር ልትሆን ነው እንዳለቻቸው ነገረቻት። ዶክተር እንዳልሆነ፣ ሁለተኛ ዲግሪ እንደሆነ ልታስረዳት ስትጀምር ድምፅዋ ተቆረጠ። መስመሩ ነው ብላ ዘጋችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አንድ የአገሯ ሰው ነበር። ለሦስተኛ ዲግሪ አምስተኛ ዓመቱ ነው፣ በሁሉ ነገር ስለሚከራከር "ጠበቃው" ይሉታል። ነገሩን የነገረችው ጭንቅ ይዟት ነው። ጠበቃው ተማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ማድ ቤት ውስጥ፣ ሻዩን እያማሰለ በእርጋታ ሰማት፤ ከዚያ መልሱ ቀላል ነው አለ። ቆሻሻ ደብተር አይደል የሚፈልጉት? ይሠራላቸዋል።

"ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ትይዣለሽ" አላት። "አንዳንዱን ቁጥር ሆን ብለሽ ትሳሳቻለሽ፣ ትሰርዣለሽ። አንድ ሁለት ገጽ ላይ ሻይ ጠብ ታደርጊበታለሽ። ዛሬ ጀምረሽ ነገ ይዘሽ ትገቢያለሽ።"

"ውሸት አይሆንም?"

"ቁጥሮቹ የራስሽ አይደሉም እንዴ? እውነትሽን ነው የምታቆሽሺው።"

ሲሄድ አባባሉ ቤቱ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፣ ቁጥሮቹ የራሷ ናቸው። ማንንም አልሰረቀችም። አንድ ርካሽ ደብተር አወጣች፤ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ እስክሪብቶ ደረደረች፤ በሩን ቆለፈች። ረቂቁን ስትጽፍ በስልኳ ካነሣችው የደብተሩ ፎቶ እያየች ጀመረች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ልሞነጭር ስትል ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሆን ብላ ሰባቱን አንድ አስመስላ ጽፋ ሰረዘችው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ መሰለ። ሻይ ጠብ አደረገች፤ አንዲቱ ጠብታ የወረቀቱ መሐል ላይ፣ እንደ ማኅተም፣ ክብ ሆና ተቀመጠች። ግማሽ ገጽ ላይ ስትደርስ ጎረቤት ክፍል በር ተዘጋና ደነገጠች። ምኑ አስደነገጠኝ ብላ ራሷን ጠየቀች። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤውን ስታነብ ፈርታ ነበር፤ ያ ፍርሃት ግን በደል ያልሠራ ሰው ፍርሃት ነው። ይኼኛው ሌላ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሰት ነበር የተጠረጠረችው። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ግን የጠረጠሯትን ነገር በገዛ እጇ እየሠራችው ነው።

እስክሪብቶዎቹን ከደነች። ገጹን ግን አልቀደደችውም። ወረቀት መጣል ምን እንዳመጣባት አይታለችና ከደብተሩ ገንጥላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገችው።

ሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ አንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ፈታኙና አንድ የማታውቃቸው ሰው። አማካሪዋ ጥግ ላይ ናቸው። የእሷ ወንበር ብቻውን መሐል ላይ ቆሟል። ጽዳቷ በዚያ ሰዓት የኮሪደሩን አንድ መስኮት ደጋግማ ስትወለውል ነበር፤ መስተዋቱ ያን ያህል ጠርቶ አያውቅም።

ሰብሳቢዋ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይዛ እንደሆን ጠየቋት። አልያዘችም። የት እንዳለ ጠየቋት። እንደ ልማዷ "አዎ" ልትል አፏ ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች የሰው አገር ቋንቋዋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ጥያቄው አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ" አለች። አማካሪዋ ቀና ብለው አዩዋት። ሰብሳቢዋ ደገሙላት።

"የለም" አለች። "እኔ ነኝ የጣልኩት። በየሳምንቱ ገልብጬ እጥላለሁ። አገሬ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ። ንጹህ አድርጎ መስጠት እናንተን ማክበር ይመስለኝ ነበር። በቀጥታ ደብተሩ ላይ ጻፊ የሚለውን ደንብ ስትነግሩኝ አልገባኝም፤ ግን ገባኝ ብዬ ፈርሜያለሁ።"

ፈታኙ ሌላ የሚጨመር ነገር እንዳለ ጠየቁ። የለም ብትል ያልቅ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ትናንት እንደጻፈችው፣ የድሮ ለማስመሰል እንደሞከረች፣ ግማሽ ላይ እንደተወችው ነገረቻቸው። አማካሪዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዎቹ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ፈታኙ የሻዩን ጠብታ አተኩረው አዩትና የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ እንደመነቃነቅ አለ፤ ሣቅ ይሁን ንቀት መለየት አልቻለችም። ውጭ ቆዪ አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ጽዳቷ ወንበር አመጣችላት፤ አልተቀመጠችም። ምን አልሽ ብላ ጠየቀቻት። ሁሉንም አልኩ አለቻት። ጽዳቷ ጨርቋን ጨመቀች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተነገራት እንዲህ ነው። በቃሏ ብቻ ሊያምኗትም፣ ሊፈርዱባትም አይችሉም። ከሥራው አንዱን ሳምንት ታዛቢ ባለበት እንደገና ትሠራለች። ቁጥሮቹ ቁርጥ አንድ ባይሆኑ አይገርምም፤ አወራረዱ ግን ከድሮው ጋር መቀራረብ አለበት። ከተቀራረበ ጽሑፏ ይታያል፣ የደንቡ ጥፋት ግን ማኅደሯ ላይ ይጻፋል። ከተራራቀ ትምህርቷ እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ታዛቢ የሆኑት የላብራቶሪው ሽማግሌ ባለሙያ ባሉበት አሥሩ ታንከሮች ተሞሉ። የጣሪያውን በር ሽማግሌው ራሳቸው ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ማታ ለባሏ ደወለችና ጉንፋን እንዳልነበረ ነገረችው። ስትጨርስ "ውሃው ያው ውሃ ነው አይደል?" አላት። ፀሐዩ ግን ያው አይደለም፣ ወሩም ተለውጧል፣ ውሃውም ከየት መስመር እንደመጣ አላውቅም አለችው።

በማግስቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሽማግሌው ጋር ጣሪያ ወጣች። ከመጀመሪያው ጥላ ሥር ካለው ታንከር ቀዳች። ዱቄቱን ስትጨምር ትንሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት፤ ውሃውን ደፍታ አዲስ ቀዳች። ውሃው ሮዝ ሆነ። የድሮው ሮዝ ግን ከዚህ ደመቅ ያለ መሰላት። መሣሪያው ውስጥ አስገብታ ጠበቀች። የድሮ ደብተሯ ላይ የዚህ ታንከር የመጀመሪያ ጠዋት ቁጥር ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው፤ በቃሏ ታውቀዋለች። መሣሪያው ዜሮ ነጥብ ስድስት አለ። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰማዩን ያያሉ፤ መሣሪያውን የምታየው እሷ ብቻ ናት። አዲሱን ደብተር ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ነጥቧ እየጠመመችባት፣ ያየችውን ስድስት ጻፈች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ታንከር ሄደች።